ካሜራው ወደቀ፤ አሁንስ?

እኔ የጣልኩት ከባጃጅ ስወርድ ነው። የቦርሳው ዚፕ አልተዘጋም ነበር። ካሜራው በሌንሱ በኩል ኮብልስቶኑ ላይ አረፈ። ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግ የምናነሳ ሰዎች ይቺን ድምፅ እናውቃታለን።

አብርታችሁ ለመሞከር አትቸኩሉ። ባትሪውን አውጡ፣ ሌንሱን ከካሜራው ላይ ፍቱና ጆሯችሁ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ቢንኳኳም አትደንግጡ፤ ስታብላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ክፍል) ያላቸው ሌንሶች ደህና ሆነውም ይንኳኳሉ።

የፊት መስታወቱ ተሰብሯል
ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ፊልተሩ፣ ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመዘዘው ተጨማሪ መስታወት ነው። ሌንሱን ወደ ታች ደፍታችሁ ስባሪውን በአየር መንፊያ አራግፉ። በጨርቅ አትጥረጉ፣ ዋናውን መስታወት ይጭረዋል። ፊልተሩ አልፈታ ካለ የነጠላ ጫማ ሶል ጠርዙ ላይ እኩል ተጭናችሁ አዙሩ። ቀለበቱ ተጣሞ ከነከሰ ግን ፒንሳ አታንሱ፤ ለባለሙያ ስጡት።

አይበራም
የባትሪና የካርድ ክዳኑን እዩ። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ብዙ ካሜራ አይበራም።

ኤረር ይላል፣ ፎከስ አያደርግም
የሌንሱና የቦዲው (የካሜራው ዋና አካል) መገናኛ ነጥቦች ቆሽሸው ወይም ሌንሱ ላልቶ ይሆናል። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ቀጭ እስኪል ግጠሙት። ካልሆነ ሌላ ሌንስ ተውሳችሁ ሞክሩ። በሱ ከሠራ ጥፋቱ የሌንሱ ነው።

ጣና ውስጥ ገብቷል
ዘጌ ላይ ከጀልባ ሲወረድ የሚያጋጥም ነው። በፍጹም አታብሩት። ባትሪና ካርድ አውጡ፣ ክዳኖቹን ክፍት ተዉ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ሰብስባችሁ፣ ከካሜራው ጋር በሚከደን ዕቃ ውስጥ ለቀናት አስቀምጡ። "ሩዝ ውስጥ ቅበረው" የሚል አይጠፋም። የፎገራ ሩዝ ለድስት ነው፤ ብናኙ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ራሳችሁ እንዳትፈቱት ደግሞ፤ የራሱ ፍላሽ ያለው ካሜራ ባትሪው ወጥቶም ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል።

ሁሉም ይሠራል፣ ግን አንዱ ጎን ደብዛዛ ነው
ክፉው ይሄ ነው። ሲወድቅ ውስጥ ካሉት መስታወቶች አንዱ ከመሃል ፈቀቅ ይላል። ከውጭ ምንም አይታይም። እኔ ሳላውቅ አንድ ሙሉ ሠርግ አነሳሁበት። በቤተሰብ ፎቶው የሙሽራው ወገን ጥርት፣ የሙሽሪት ወገን ድብዝዝ። ያየችው የሙሽሪት እናት ናት። ምን ይባላል?

ፈተናው ቀላል ነው። የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ በትንሹ የኤፍ ቁጥር (የሌንሱ ቀዳዳ በጣም በሚሰፋበት)፣ ለምሳሌ በ2.8 አንሱ። ከዚያ ካሜራውን ገልብጣችሁ ድገሙት። ብዥታው ወደ ግድግዳው ሌላ ጎን ከዞረ ሌንሱ ነው። እዚያው ከቀረ አቋቋማችሁ ጠሞ ነበር።

ይሄ ቤት ውስጥ አይስተካከልም። ባለሙያ እስኪገኝ ኤፍ 8 ላይ ብታነሱ ብዥታው ይቀንሳል፤ ብርሃን ግን ይፈልጋል። የኔ ሌንስ አሁን የሚወጣው ቀን ቀን ብቻ ነው።