የሚታጠፍ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለጀማሪ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"የሚታጠፍ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልገዛ ነው፤ ለጀማሪ ይሆናል?" ብስክሌት ወደምጠግንበት ቤት የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። እኔም መልሼ "ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው?" እላለሁ። ይስቃሉ። ቀልድ ግን አይደለም።

ሰው የሚሳሳተው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። ስለሚታጠፍ ቀላል ይመስለዋል። ቪዲዮ ላይ እጥፍ አድርገው በአንድ እጅ ሲያንጠለጥሉት ያያል፣ በቃ ልቡ ይሸፍታል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ግን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ሩብ ኩንታል ጤፍ በሉት። ጤፉስ ትከሻ ላይ ይተኛል፤ ይሄኛው ፔዳሉ ቅልጥም ይመታል፣ ሰንሰለቱ ሱሪ ያጠቁራል፣ መሪው በየደረጃው መታጠፊያ ግድግዳ ይፍቃል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ! አንድ ደንበኛዬ ጥቂት ቀን ታገለና ምድር ላይ፣ ደረጃው ሥር በሰንሰለት አሰረው። እሱን ካደረጋችሁ የሚታጠፍ ለምን አስፈለገ? ትልቅ ጎማ ያለው መደበኛው ይሻላችኋል። ስለዚህ ሻጩ ፊት አጥፋችሁ አንሱት። ደረጃ ካለ ይዛችሁት ውጡ። ሻጩ ቢገላምጣችሁም ግድ የለም። ባትሪው ተነቅሎ ለብቻው ቤት ውስጥ ቻርጅ መደረግ መቻሉንም እዩ።

መኪናችሁን ዳር አቁማችሁ የቀረውን መንገድ በብስክሌት ለመጨረስ ከሆነ፣ ወይም ሊፍት ካላችሁ፣ ግዙ። ለእናንተ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ስህተት "ሞተር ስላለው ለመማር ይቀላል" የሚለው ነው። ይከብዳል እንጂ! ትንሽ ጎማ መሪውን ቀልጣፋ ያደርገዋል፤ ትንሽ ስትነኩት ይዞራል። ርካሾቹ ደግሞ ፔዳሉ መዞሩን እንጂ ምን ያህል እንደገፋችሁ አያውቁም። ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ በድንገት ይፈተለካሉ። አንዲት ልጅ ክርኗ ተልጦ መጥታ "ጋሼ፣ ገና አንዴ ሳልረግጠው እኮ ነው ያበረረኝ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ኮርቻውን ሁለት እግራችሁ መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ ሚዛን ተማሩ። ከዚያ ሞተሩን አብርታችሁ በ1 ቁጥር፣ በዝቅተኛው እገዛ፣ ጀምሩ። መብራት ላይ ስትቆሙ ፍሬኑን አትልቀቁ፤ በብዙዎቹ ላይ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ይቋረጣል።

ኮብልስቶን ሰፈር ከሆናችሁ ከ20 ኢንች በታች ጎማ አትግዙ። ለጥርሳችሁ ታዝኑለታላችሁ።

ዳገት ሁሉም ይጠይቃል። ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት 250 ዋት ሞተር ብቻውን አይወስዳችሁም፤ እናንተም ትረግጣላችሁ። ቁልቁለቱን ግን ማንም አይጠይቅም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ያ ሁሉ ክብደት ከእናንተ ጋር ይወርዳል። ሸራው ያለቀ ፍሬን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳይ ቁጣዬ ይመጣል።

የክፈፉም የመሪውም መታጠፊያ መቆለፊያ መጥበቁን ሳታዩ አትነሱ።

"ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል" የምትሉም አላችሁ። ባትሪውን ግን በአውሮፕላን ይዞ አይመጣም። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፣ በእጅም ቢሆን። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ አባዙት፦ 36 ቮልት ሲባዛ በ7.5 አምፔር-ሰዓት፣ 270 ዋት-ሰዓት ነው። ባትሪ አልባ ብስክሌት ተቀብለው ባትሪ ፍለጋ የሚዞሩ አሉ።

ቻርጀር መዋስም ይቅር። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። ባለ 36 ቮልቱ ባትሪ 42 ላይ ይሞላል፤ የ48ቱ ቻርጀር 54.6 ነው የሚሰጠው። ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ከከሸፈ እሳት ይነሳል። ትክክለኛውንም ቢሆን ተኝታችሁ፣ ያውም በሩ ሥር፣ ሰክታችሁ አትደሩ፤ እሳት ቢነሳ የምትወጡት በዚያው በር ነው።