የትግል ውድድር በሌለባቸው ወራት የሚሠራ ልምምድ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትግል ውድድር ብዙውን ጊዜ በኖቬምበር ተጀምሮ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች ስለሚጠናቀቅ፣ ተማሪው የዓመቱን ትልቁን ክፍል ያለ ትምህርት ቤት ውድድር ያሳልፋል። በውድድር ወቅት አሰልጣኙም ተማሪውም የሚያስቡት ስለ ቀጣዩ ግጥሚያ በመሆኑ፣ አዲስ ነገር ለመሞከርና በሙከራው ለመሸነፍ ጊዜም ትዕግሥትም አይገኝም። እነዚህ ወራት የሚሰጡት ትልቁ ዕድል ይኸው ነው፤ ታጋዩ ሽንፈቱ ሳይመዘገብበት ደካማ ጎኑን ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል።

ውድድሩ እንዳበቃ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከምንጣፍ መራቅ ይገባል። በወቅቱ ሙሉ ታሽጎና ታስሮ የከረመ ትከሻ ወይም ጉልበት ካለ ለሐኪም ማሳየት ያለበት አሁን እንጂ በሚቀጥለው ኦክቶበር አይደለም። በዚሁ ዕረፍት የግጥሚያ ቪዲዮዎችን ተረጋግቶ ማየትና እያንዳንዱ ነጥብ የተቆጠረበትን ሁኔታ በወረቀት መመዝገብ ይጠቅማል፤ ነጥቡ የተወሰደበት ቆሞ ሳለ ነው፣ ከላይ ሆኖ ነው ወይስ ከሥር ሆኖ? ከዝርዝሩ ውስጥ በብዛት የተደጋገሙትን ሁለት ችግሮች መርጦ ሌላውን ለጊዜው መተው ብልህነት ነው። ሁሉንም አርማለሁ ብሎ የተነሣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አንዱንም ሳያርም ኖቬምበር ይደርስበታል።

የጥንካሬ ልምምድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን እየተደረገበት ቢሠራ በቂ ነው። መሠረቱ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ ፑል አፕ (በብረት ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) እና ጎንበስ ብሎ ብረትን ወደ ሆድ መሳብ ሲሆን፣ ፑሽ አፕና ከራስ በላይ ብረት መግፋት ይጨመሩበታል። በመጀመሪያው ወር ቀለል ባለ ክብደት ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ የሚደጋገም ሦስት ዙር መሥራት አቋምን ለማስተካከል ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ክብደቱን ጨምሮ ድግግሞሹን ወደ አምስት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ክብደት የሚጨመረው የመጨረሻው ድግግሞሽ ወገብ ሳይጎብጥ ሲጠናቀቅ ብቻ ነው፣ ጭማሪውም ጥቂት ኪሎ ይሁን። ብረት ለማንሳት አዲስ የሆነ ተማሪ እንቅስቃሴዎቹን ከሚያውቅ ሰው ጋር መጀመር አለበት። ብዙ ወጣቶች በመስታወት የሚታየውን ደረትና ክንድ ሲያሳድጉ ይውላሉ፤ ትግል ግን ከሚገፋበት ይልቅ የሚስብበትና የሚይዝበት ጊዜ ስለሚበዛ ጀርባ፣ ዳሌና መዳፍ ቀዳሚ ሊሆኑ ይገባል። ለመዳፍ ጥንካሬ በብረቱ ላይ ፎጣ አንጠልጥሎ በፎጣው ፑል አፕ መሥራትና ከባድ ብረት በሁለት እጅ ይዞ መራመድ ጥሩ ናቸው። ለአንገት ደግሞ ጓደኛ እጁን በግንባር፣ በማጅራትና በሁለቱ ጎኖች ተራ በተራ እየደገፈ፣ ታጋዩ ራሱን ሳያንቀሳቅስ ለአሥር ሰከንድ ያህል በመጠኑ መግፋቱ ይበቃል።

በምንጣፍ ላይ የሚሠራው ሥራ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። በአሜሪካ ጸደይና በጋ (ከማርች እስከ ኦገስት ገደማ) ብዙ ክለቦች በኦሊምፒክ የሚካሄዱትን ሁለት ዓይነት ትግሎች፣ ነፃ ትግልንና ግሪኮ-ሮማንን ያሠለጥናሉ። ግሪኮ-ሮማን ከወገብ በታች መያዝን ስለሚከለክል እጅ ለእጅ መፋለምን፣ በብብት ሥር ገብቶ መያዝንና የደረት ለደረት አቋምን በግድ ያስተምራል። ነፃ ትግል ደግሞ ቆሞ ማጥቃትን ያጠነክራል፤ ከመታገያው ክልል የወጣ ታጋይ ለተጋጣሚው ነጥብ ስለሚሰጥም ዳር ላይ እየተሸሸ ሰዓት መግደል አያዋጣም። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው፣ ነገር ግን አንድ ክፍተት ይተዋሉ። በትምህርት ቤት ሕግ ከሥር ያለው ታጋይ አምልጦ ሲወጣ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ በነፃ ትግል ግን ማምለጥ ነጥብ የለውም፣ ዳኛውም ሥራ ከሌለ ቶሎ ስለሚያስነሣ ከሥር ያለው ላለመገልበጥ ብቻ ተዘርግቶ መጠበቅን ይለምዳል። በጋውን ሙሉ ነፃ ትግል ብቻ የሠራ ተማሪ በዲሴምበር ከሥር ሆኖ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በየልምምዱ መጨረሻ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ከሥር መነሣትን መለማመድ ያስፈልጋል። ታጋዩ በእጁና በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ከጎኑ አንድ እጁን በወገቡ ላይ አዙሮ ሌላውን በክርኑ ላይ ያሳርፋል። ምልክት ሲሰጥ ከሥር ያለው ክርኖቹን ከጎድኑ ሳያርቅ ጀርባውን ወደ ተጋጣሚው ገፍቶ ደረቱን ያቀናል፣ አንዱንም እግር ይተክላል። ወዲያው በወገቡ ላይ ያለውን እጅ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ሲይዝ አራቱንም ጣቶች አንድ ላይ መያዝ አለበት፣ አንድ ወይም ሁለት ጣት ለይቶ መጠምዘዝ በሕግ የተከለከለ ነው። እጁን ወደ ታች አላቆ ሁለተኛውን እግር ከተከለ በኋላ ዳሌውን ከተጋጣሚው አርቆ ይዞርና ፊት ለፊት ይቆማል። በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት እጁን ሳይቆጣጠሩ ለመቆም መቸኮል ነው፤ ተጋጣሚው መዳፎቹን ወገብ ላይ ካቆላለፈ የቆመውን አንሥቶ መልሶ ምንጣፍ ላይ ያኖረዋል። ጓደኛው በመጀመሪያ ያለ ተቃውሞ፣ ቀጥሎ በግማሽ ኃይል፣ በመጨረሻ በሙሉ ኃይል ይያዘው፤ በሙሉ ኃይል ሲሆን እያንዳንዱ ሙከራ ከሃያ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል።

ለትንፋሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ እያወሩ መቀጠል በሚቻልበት ፍጥነት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ መሮጥ፣ መዋኘት ወይም ብስክሌት መንዳት በቂ ነው። ወቅቱ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ልምምዱ የትምህርት ቤት ግጥሚያን ቅርጽ፣ ማለትም ሦስት የሁለት ሁለት ደቂቃ ዙሮችን መያዝ ይጀምራል።

ክብደትን በተመለከተ ጠንከር ያለ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት በፍጥነት ለመቀነስ ሲሞክሩ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሕይወታቸው አልፏል። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ከወቅቱ በፊት በሚደረግ ምርመራ የተማሪው ዝቅተኛ ክብደት የሚወሰነው ለወንዶች 7 በመቶ፣ ለሴቶች 12 በመቶ የሰውነት ስብን መነሻ በማድረግ ሲሆን፣ በሳምንት መቀነስ የሚፈቀደውም ከሰውነት ክብደት 1.5 በመቶ አይበልጥም። ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ 900 ግራም ማለት ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በበጋ ብረት እያነሣ ክብደቱን ባለፈው ዓመት ምድብ ለማቆየት መራብ የለበትም። በየምግቡ በቂ ፕሮቲን ይብላ፣ በየሌሊቱ ለስምንት እስከ አሥር ሰዓታት ያህል ይተኛ፤ ምድቡን ከምርመራው በኋላ ከአሰልጣኙና ከወላጆቹ ጋር ይወስናል።

ከምንጣፍ እንደወረዱ በሳሙና መታጠብና የልምምድ ልብስን በየዕለቱ ማጠብ በበጋም አይቋረጥ፤ ጭርትና መሰል የቆዳ በሽታዎች ወቅት አይመርጡም፣ ክለብ ውስጥ ደግሞ ከብዙ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ይገናኛሉ። ቁስል ያየ ተማሪ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ከማንም ጋር መያያዝ የለበትም።

በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የብረቱ ልምምድ ወደ ሳምንት ሁለት ቀን ይቀንስና እውነተኛ ትግሉ ይጨመራል። በዚህ ጊዜ ግጥሚያውን ሁልጊዜ ከመሃል ቆሞ ከመጀመር ይልቅ፣ ውድድሩ እንዳበቃ በተጻፈው ወረቀት ላይ ከተመረጡት ሁለት መጥፎ ሁኔታዎች መጀመር ይሻላል፤ ለምሳሌ አንድ እግሩ ተይዞ በተነሣበት ወይም ተጋጣሚው ከኋላው ወገቡን ባቀፈበት ሁኔታ። አሰልጣኙም ከዚያ ሁኔታ ስንት ጊዜ እንደወጣና ስንት ጊዜ እንደተጣለ በየሳምንቱ ቢመዘግብ፣ ኖቬምበር ሲገባ የቱ ችግር እንደተስተካከለና የቱ እንደቀረ በግምት መናገር አይኖርበትም።