የመኪና ዕቃ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ለጎጃም መንገድ የተስተካከለ

ከመኪናው ጋር የሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሰርቪስ ሠንጠረዥ አለው። አንዱ ለተለመደ አነዳድ ሲሆን ሌላው አቧራ፣ ዳገት፣ ሙሉ ጭነትና አጫጭር ጉዞ ለሚበዛበት ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ ደጀን የሚወጣ፣ ከዋናው አስፋልት ገንጠል ብሎ ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና የሚመለከተው ሁለተኛው ነው፤ እዚያ ላይ አንዳንዱ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ በታች ያሉት ኪሎ ሜትሮችም ዕቃው ተገልጦ የሚታይበትን ጊዜ የሚጠቁሙ ናቸው። የሚቀየር መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ሲገለጥ የሚታየው ነው።

ፍሬን

አዲስ የፊት ፍሬን ሸራ የጀርባውን ብረት ሳይጨምር ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል። የቤት መኪና ላይ ይህ ከ30,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ሊወስድ ይችላል። ሰው ሞልቶ በረሃውን በየጊዜው የሚመላለስ አባዱላ ግን 20,000 ሳይሞላ ሊጨርሰው ስለሚችል በየ5,000ው፣ ዘይት ሲቀየር፣ ጎማውን አውልቆ ማየት ነው። የኋላው የታምቡር ሸራ ከፊቱ እጥፍ ያህል ይቆያል።

ሲያዩ ሁለቱንም ሸራ ይዩ። የውስጠኛው ከውጪው ቀድሞ ካለቀ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ) የሚንሸራተትበት ፒን ደርቋል፤ ፒኑ ተጸድቶ ሙቀት በሚችል ግራሶ ካልተቀባ አዲሱም ሸራ በአጭር ጊዜ እንዲሁ ያልቃል። ዲስኩ ወደ ሰማያዊነት ካደላ ከመጠን በላይ ግሏል። ሊወርድ የሚችልበት ትንሹ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጡ አይረዳም፣ ይጣላል።

ሸራውን ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚረሳው የፍሬን ዘይት ነው፤ በዚህ መስመር ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው እሱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 እስከ 230 ሳይፈላ መቋቋም አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የዶት 3 ወደ 140፣ የዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ፔዳሉን ሳይለቅ የወረደ ሾፌር ሸራውንና ካሊፐሩን ያግላል፣ ያረጀው ዘይት ይፈላል፣ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ሲጨመቅ ስለሚጠብ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ነገሩን የሚያወሳስበው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ መያዙ ነው። ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ ረግጦ ያየውና «ምንም የለበትም» ይላል፤ ዘይቱ ሳይቀየር መኪናው እንደገና ቁልቁለቱን ይወርዳል።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ስንትም ይሁን በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ በረሃውን አዘውትሮ ለሚወርድ በየዓመቱ ቢሆን ይመረጣል። ለቤት መኪና 1 ሊትር ይበቃል። ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ዕቃ) ማጠራቀሚያ አሮጌውን በስሪንጅ ይሳቡና አዲስ ይሙሉ። ከማስተሩ የራቀውን እግር (ጎማ) ያስቀድሙ፤ መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተለመደው ቅደም ተከተል ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ነው። በየእግሩ ፍሬን ላይ ባለችው አየር ማውጫ ብሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ እርስዎ ይከፍታሉ፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ረዳቱ እግሩን ያነሳል። ጥቁሩ አልቆ ንጹሑ እስኪመጣ ይደጋገማል። ማጠራቀሚያው መሃል ላይ ከደረቀ አየር ይገባና ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በምንም ምክንያት አይጨመርበትም፤ የማስተሩን ጎማዎች አሳብጦ ሁሉንም ያስቀይራል።

አወራረዱም የዕቃውን ዕድሜ ይወስናል። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ረግጠው ፍጥነት ይቀንሱና ይልቀቁት፣ እንዲቀዘቅዝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ መልቀቅ የሚተርፈውን ነዳጅ በሸራና በዲስክ እጥፍ አድርጎ ያስከፍላል።

ራዲያተርና ክዳኑ

ውሃ ባሕር ዳር ላይ በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ መያዙ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ አዲስ ሲገዛ ያው ቁጥር መሆን አለበት። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ዝቅ ባለ አገር የማይታይ ችግር እዚህ ሙቀት ሆኖ ብቅ ይላል። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ መቀየሩ ሞተሩ ሲግል ከሚቃጠለው የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ጋር ሲነጻጸር ወጪ አይባልም። ክዳኑን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይክፈቱ።

ተራው ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ሁለት ዓመት ወይም 40,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቶዮታ የሚጠቀምበት ሮዝ ባለ ረጅም ዕድሜው በአዲስ መኪና እስከ 160,000፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ነው። ባዶ ውሃ ከተሞላ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቀራል፤ ውስጡ ይዝጋል፣ የውሃ ፖምፓውም ቀድሞ ይሄዳል። ፖምፓው ያለዚያ 100,000 አካባቢ ያገለግላል፤ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የደረቀ የኩላንት ዱካ ከታየ ጊዜው ደርሷል።

የጤፍ አጨዳና ውቂያ ሰሞን ገለባና ብናኝ የራዲያተሩን ክንፎች ይሞላል። ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በለስላሳ ግፊት ይለቀቅበት። ከፊት በኃይል መርጨት ገለባውን ይበልጥ ይሰነቅረዋል፣ ክንፎቹንም ያጣጥፋል።

«ሙቀት አለው» ሲባል ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ መጣል ብዙ ጋራዥ የሚያደርገው ነገር ነው። አይስማሙ። እንጅባራ ላይ በክረምት ጠዋት ሞተሩ በቶሎ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የፒስቶን ፋሻና ሲሊንደር ያለጊዜው ያልቃል፤ የሙቀቱ እውነተኛ ምክንያትም ሳይነካ ይቀራል።

ፍሪሲዮን

ከ80,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ዕቃ ነው፤ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ የሚያቆም ሾፌር 40,000 ላይም ይጨርሰዋል። ለመፈተሽ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ ያስገቡና ነዳጁን ሙሉ ይርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ካምቢዮ ለማውረድ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ አንድ ስለሆነ ሸራው፣ ፕሬሸሩና ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ። የኋላው የሞተር ዘይት ጎሚኒ ካላበው እሱም በዚያው።

የታይሚንግ ቺንጋ

መጀመሪያ ሞተሩ ባለ ቺንጋ ወይስ ባለ ሰንሰለት መሆኑን ይወቁ። ቪትዝ ላይ ያሉት የተለመዱ የቤንዚን ሞተሮች ባለ ሰንሰለት ናቸው፤ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ሰንሰለቱ ከ200,000 በላይ ሊሄድ ይችላል። አምስት ኤል (5L) የሚባለው ናፍጣ ሞተር ያለው ሃይሉክስና ሃይስ ባለ ቺንጋ ነው፤ 100,000 ላይ ይቀየራል። ባለ ቺንጋ መኪና ትንሽ የሚሄድ ቢሆንም ከሰባት ዓመት በላይ አይተው፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል። ሲበጠስ በብዙ ሞተር ላይ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ቴስታታ ይወርዳል። ከቺንጋው ጋር መወጠሪያው ሮለር፣ የፊት ጎሚኒና የውሃ ፖምፓው አብረው ይታያሉ።

ዘይት፣ ፊልትሮና ሌላው

ተራ የሞተር ዘይት 5,000፣ ሙሉ ሲንቴቲክ እስከ 10,000። የአየር ፊልትሮ አስፋልት ላይ 20,000 እና ከዚያ በላይ፣ ኮረኮንች ላይ ግን በየ5,000 ታይቶ 10,000 ላይ ይቀየር። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፤ በአየር ከተነፋም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ቀይ አፈር ከያዘ ፊልትሮው አልገጠመም ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል። ያ አፈር ዘይት የሚበላ ሞተር ያመጣል። የናፍጣ ፊልትሮ በ20,000፤ ከሥሩ ያለውን ውሃ ግን በክረምት በየወሩ ያፍስሱት።

ተራ ካንዴላ ከ20,000 እስከ 40,000፣ ኢሪዲየም 100,000። የካምቢዮ ዘይት በ40,000 ወይም 50,000፤ አውቶማቲክ በ60,000፣ ሲቪቲ (እንደ ተለመደው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ የራሱ ዘይት ብቻ ይገባዋል። አሞርዛተር 80,000፣ በኮረኮንች ግማሹ። ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፤ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ጥሩ፣ 12.2 ግማሽ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ዲናሞውን ያስፈትሹ።

ጎማ ከ40,000 እስከ 60,000 ይሄዳል። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ካሉት የመጨረሻ ምልክቶች ጋር እስኪስተካከል አይጠብቁ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየር። ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ማለት በፈረንጅ 2019፣ 23ኛው ሳምንት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካሰሉት ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስትዎታል፣ ሻጩም አያርምዎትም። ከስድስት ዓመት በኋላ ጎኑ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ በየጊዜው ይታይ፤ አሥር ዓመት ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይጣል።

ያገለገለ መኪና ሲገዙ ኪሎ ሜትሩን አይመኑት፤ ቆጣሪ ይቀነሳል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተፍቆ፣ መሪው አብረቅርቆ ቆጣሪው 60,000 ካለ ቁጥሩ ውሸት ነው። የሰርቪስ ወረቀት ከሌለው ገንዘብዎ የሚበቃውን ያህል በዚህ ቅደም ተከተል ይቀይሩ፦ መጀመሪያ የፍሬን ዘይት፣ ቀጥሎ ባለ ቺንጋ ከሆነ ቺንጋው፣ ከዚያ ኩላንቱ ከነክዳኑ፣ ከዚያ የሞተር ዘይትና ፊልትሮዎቹ። የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በፕላስተር ላይ ጽፈው ኮፈኑ ሥር ይለጥፉት።