የመመረቂያ ጥናታችሁን ከግቢው አጥር ውጪ ለመሥራት ካሰባችሁ

ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ) ሆናችሁ፣ አድቫይዘር (አማካሪ መምህር) ተመድቦላችሁ፣ ያኔ ርእስ ፍለጋ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል። ጥሩ ርእስ የሚገኘው ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ማንም ሳያስቸኩላችሁ ቅዳሜ ከግቢ ወጥታችሁ ስትዞሩ። ብዙ ተማሪ አራት ዓመት የኖረበትን ከተማ የሚያውቀው ከመናኸሪያ እስከ ግቢ በር፣ ከግቢ በር እስከ ጁስ ቤት ነው። ከዚያ ጥናቱን ስለ «ኢትዮጵያ» ይጽፋል። በጀት የሌለው የባችለር ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ አይጻፍ፤ በእግሩ ደርሶ መመለስ ስለሚችለው ቦታ ይጻፍ።

እና ከግቢ ወጥቶ ለማጥናት ድጋፍ መፈለግ ውለታ መጠየቅ አይደለም። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 መሠረት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ብቻ ሳይሆን መመራመርና ማኅበረሰቡን ማገልገልም ሥራው ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ ነበር የሚያሠለጥነው። የጅማም ስም የገነነው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ የጤና ተማሪዎች «ቲቲፒ ወጣን» የሚሉት ከተለያየ ዲፓርትመንት ተቀላቅለው ጤና ጣቢያ የሚመደቡበት ነገር የዚያ ልጅ ነው። ሌላ ዲፓርትመንት ከሆናችሁ ቲቲፒ የላችሁም፣ ግን የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮ አላችሁ። ሄዳችሁ «ዘንድሮ የትኛው ቀበሌ ምን እየተሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪ እንዲህ ብሎ የማይመጣበት ቢሮ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሯችሁ። ሕግ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ቤታችሁ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ካለ ለሁለት ሳምንት እዚያ ቁጭ በሉ፤ የሚመጣው ሰው ራሱ ርእስ ይዞላችሁ ይመጣል።

ርእሱ ከቦታው ይውጣ። ሐረማያ ያለ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ያገኘበት ሐይቅ እንዴት ደርቆ እንደነበር ከዙሪያው ገበሬ መጠየቅ ይችላል፤ የመስኖ ፓምፑ፣ ጫቱ፣ ከተራራው ታጥቦ የሚወርደው አፈር፣ ሁሉም እዚያው ነው። ዲላ ያለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር አጠገብ ነው የሚኖረው። ምዝገባው ለእንሰትና ለቡና አምራቹ ምን አመጣለት ብሎ መጠየቅ ይችላል። አርባ ምንጭ ሙዙ አለ፣ ሐዋሳ ዓሣው አለ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ግን እምቦጭን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። ስንት ሰው ጽፎበታል መሰላችሁ!

ስለዚህ ቀድሞ ምን እንደተሠራ ማየት ግድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት በኢንተርኔት ይገኛል፤ ሌሎችም ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸው አላቸው። የቀበሌውንና የወረዳውን ስም በተለያየ አጻጻፍ ፈልጉ። በተለይ ጤና ነክ ከሆነ አንዳንድ ቦታዎች ለዓመታት ሲጠኑ የኖሩ ናቸው። ቡታጅራ፣ ጎንደር አጠገብ ዳባት፣ ሐረማያ በኩል ቀርሳ፣ ጅማ በኩል ግልገል ጊቤ፣ ልደትና ሞት ሳይቀር በየጊዜው የሚመዘገብባቸው ናቸው። እዚያ ያለ አባወራ መጠይቅ ሰልችቶታል። እንዲህ ያለ ቦታ ከደረሳችሁ አዲስ መረጃ ከመሰብሰብ ይልቅ በአድቫይዘራችሁ በኩል ያለውን መረጃ መጠየቅ ይሻላል፤ ለእናንተም ይቀላል።

አሁን ስንት ሰው ይጠየቅ ወደሚለው፣ ወደ 384 እንምጣ። ይህችን ቁጥር የማያውቅ ጂሲ የለም፤ መልስ ለማይሰጥ ሰው 10 በመቶ ተጨምሮባት 422 ወይም 423 ትሆናለች፤ ፕሮፖዛል ሁሉ ላይ አለች። የምትመጣው የምትለኩት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ሳታውቁ 50 በመቶ ብላችሁ ስትገምቱ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ ስሕተት፣ ለትልቅ ሕዝብ ስትሠሩ ነው። የምትሄዱበት ቀበሌ 600 አባወራ ብቻ ካለው ግን በአነስተኛ ሕዝብ ማስተካከያው ወደ 235 ትወርዳለች። 150 ሰው ያህል ከመጠየቅ ዳናችሁ ማለት ነው። ከሲኒየር ፕሮፖዛል ቁጥሩን ገልብጦ የመጣ ተማሪ ዲፌንስ ላይ (ጥናቱን በመምህራን ፊት ሲያቀርብ) የሚያዝበትም እዚህ ጋ ነው። ሌላው የሚያዝበት «ይህን ቀበሌ ለምን መረጣችሁ?» ሲባል ነው። ቅርብ ስለሆነ ማለት ነውር አይደለም፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ቤቶቹን እንዴት እንደመረጣችሁም በግልጽ ጻፉ። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቃችሁ «በዕጣ መረጥን» አትበሉ።

ቋንቋው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ምደባው ከቤታችሁ ርቆ ጅማ ወይም ሐዋሳ ጥሏችሁ አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ የማትችሉ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ልጅ ቡድናችሁ ውስጥ መጀመሪያውኑ አስገቡ። ለአስተርጓሚነት ብቻ ሳይሆን ከርእሱ ጀምሮ ይግባ፤ የአካባቢው ሰው ምን እንደሚያስቀይመው የሚያውቀው እሱ ነው። መጠይቁን አንዱ ይተርጉመው፤ ሌላው ደግሞ ዋናውን ሳያይ ወደ አማርኛ ይመልሰው። ሁለቱን ስታስተያዩ ከየት የመጣ ጥያቄ እንደሆነ ግራ የሚገባችሁ አይጠፋም። እሱን አስተካክሉ ወይ አውጡት።

ወረቀት፦ ከዲፓርትመንት የድጋፍ ደብዳቤ፣ እሱን ይዛችሁ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ጤና ነክ ከሆነ ወይም ሕፃናትን የሚመለከት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ይቅደም። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ የሚድ ፈተና ከመድረሱ በፊት አስገቡ። ጸጥታው ያልተረጋጋ ቀበሌ ከሆነ ቦታ ቀይሩ፤ ዲግሪው ይቆይ።

ደብዳቤው በር ያስከፍታል፣ ቤት ድረስ የሚያስገባችሁ ግን ሰው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም የግብርና ልማት ሠራተኛውን ወይም የዕድሩን ዳኛ ቀድማችሁ ተዋወቁ። ቀኑንም ምረጡ። በገበያ ቀን ቤት ሄዳችሁ የምታገኙት ሕፃንና አዛውንት ነው። ክርስቲያን ገበሬ ባለበት ደጋ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ብዙ ሰው ስለማያርስ ቤቱ ይገኛል። ሙስሊም በሚበዛበት ዓርብ ወደ እኩለ ቀን አትሂዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፣ ለወሬ ጊዜ የለም፤ የግድ ከሆነ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ሂዱ፣ መጠይቁም አጭር ይሁን።

ስም ስትመዘግቡ «እርዳታ ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ይነሳል። ሳይጠይቋችሁ በፊት ተናገሩ፦ ተማሪ ነን፣ የምናመጣው ገንዘብ የለም፣ ባትመልሱልን ቅር አይለንም። አንዳንዱ «ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። ልክ ነው። «ለመንግሥት እናቀርባለን» ብላችሁ አትዋሹ።

መረጃውን በስልክ ብትሰበስቡ ይሻላል። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ መሙያ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ የፎቶ ኮፒ ወጪም ያድናል፤ መረጃው የሚላከው ግቢ ስትገቡ ነው። ፓወር ባንክ ያዙ። ስለ ቡድን ሥራ ብዙ አልልም፤ ስሙ ብቻ ሽፋን ላይ ያለ ልጅ በየቡድኑ አይጠፋም። መፍትሔው ሥራውን በቤት ቁጥር ማካፈል ነው። እያንዳንዱ ከየትኛው እስከየትኛው ቤት እንደሄደ ስልኩ ይመዘግባል፣ ክርክር የለም።

ዲፌንሱ አልፎ ፎቶ ከተነሳችሁ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፣ ብዙ ሰው የሚተወው እሱን ነው። ያገኛችሁትን አንድ ገጽ ላይ በአካባቢው ቋንቋ ጻፉ። ሠንጠረዥ አይኑርበት። ሦስት ኮፒ አውጡ፦ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ በር ላስከፈታችሁ ሰው፣ አንዱ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮው። ዕድሩ ስብሰባ ካለው ዐሥር ደቂቃ ለምናችሁ አንብቡላቸው። ክሊራንስ ጨርሳችሁ ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት አድርጉት፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ማንም አይመለስም።