ናይካን ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ናይካን ከሌሎች ጋር ያለንን ግንኙነት በጥያቄ እያነሳን ራሳችንን የምንመረምርበት ዘዴ ነው። የቀረጸው ጃፓናዊው ነጋዴና የቡድሂዝም እምነት ተከታይ ዮሺሞቶ ኢሺን (እ.ኤ.አ. 1916–1988) ነው። መነሻው እህል፣ ውሃና እንቅልፍ የሚያስከለክል ከባድ ሃይማኖታዊ ሱባኤ ነበር። እሱ ያንን ሁሉ አስቀርቶ ማንም ሊይዘው የሚችል ሦስት ጥያቄ አስቀመጠ፦ ከዚህ ሰው ምን ተቀበልኩ? ምን ሰጠሁት? ምን አስቸገርኩት?

የመጀመሪያው ስህተት አራተኛ ጥያቄ መጨመር ነው፦ «እሱስ እኔን ምን አስቸገረኝ?» የተተወው ሆን ተብሎ ነው። እሱን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እንኳ ስናሰላው እንውላለን።

ሁለተኛው በጥቅሉ መናገር ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። «እናቴ ብዙ ደክማልኛለች» ካሉ ነገሩ እዚያው አለቀ። በጃፓን የናይካን ማዕከላት ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ከመከለያ ጀርባ ለብቻው ይቀመጣል። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አድማጭ እየመጣ ምን እንዳስታወሰ ይጠይቀዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከእናት ነው፤ ያውም ዕድሜ ተከፋፍሎ። ቤት ውስጥ ሲሞክሩም እንዲህ ዝርዝር ያድርጉት፦ «ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ዩኒፎርሜ ሳይደርቅ አደረ። በካውያ አድርቃ አለበሰችኝ፤ እሷ ሥራ ረፈደባት።» ምን ሰጠኋት? የዚያን ቀን፣ ምንም። ምን አስቸገርኳት? ዩኒፎርሙን ጭቃ ላይ ያንከባለልኩት እኔው ነኝ።

ቡና ያቀረበልንን አስተናጋጅ «ሥራው ነው፣ ተከፍሎታል» ብሎ ማለፍም አያስኬድም። ክፍያውን «ሰጠሁ» የሚለው ላይ ይጻፉት፤ ቡናው ግን ያው «ተቀበልኩ» ውስጥ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ማለባበስም የተለመደ ነው። በናይካን ከጊዜው 60 በመቶ ያህሉ የሚመደበው ለእሱ ነው፤ እኛ ግን «ያው አልፎ አልፎ አስቸግሬ ይሆናል» ብለን እናልፈዋለን። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ራሱን ይቀጠቅጣል። «እኔ ክፉ ልጅ ነኝ» ማለት ፍርድ ነው እንጂ መልስ አይደለም። የተጠየቁት ምን እንዳደረጉ ነው።

በመጨረሻ፣ ከባድ በደል ካደረሰብዎ ሰው አይጀምሩ። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ቁስል ባለሙያ ባለበት ቢነካ ይሻላል። ለጀማሪ ማታ ከመተኛቱ በፊት ሃያ ሠላሳ ደቂቃ፣ ዛሬ ያገኘው አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት ይበቃዋል።