በጄኔራል ደብዳቤ የኮሪያ ዘማች አያትን መፈለግ

አንድ ጄኔራል ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ስለ ዘማች አያታችሁ የጻፉት ደብዳቤ እጃችሁ ካለ መጀመሪያ ቀኑን እዩ፣ ሐምሌ 1945 ከሆነ በፈረንጅ 1953 ነው፣ ተኩስ አቁሙ የተፈረመበት ወር። ከዛ አያታችሁ የዘመተው ከየትኛው ቃኘው (ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ በየተራ የላከችው ሻለቃ ጦር) ጋር እንደሆነ ለዩ፣ አንደኛው ኮሪያ የገባው በፈረንጅ 1951፣ ሦስተኛው 1953 ነው፣ ይሄ ብቻውን ፍለጋውን በጣም ያጠበዋል።

ዋናው ጣጣ ስም ነው። ደብዳቤው «ሻምበል እገሌ» ቢልም ሰውዬው ሲዋጋ ገና የመቶ አለቃ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በማዕረግ ብቻ አትፈልጉ። ቃኘው የተዋጋው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ስር ስለሆነ የአሜሪካ መዛግብትም ይጠቅማሉ፣ ግን እዛ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቀድሞ ሊመዘገብ ይችላል፣ ስፔሊንጉም ይለያያል፣ በሁለቱም ስም እየቀያየራችሁ ሞክሩ። የተሰዋ ከሆነ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሂዱ። በሕይወት ከተመለሰ ግን አዲስ አበባ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ያሉትን ዘማች አባቶች ዛሬውኑ ጠይቁ፣ በጣም ጥቂት ናቸው የቀሩት።