የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ ለሚገዛ የድሬ ሰው

ድሬዳዋ ለሰማይ የተመቸች ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለምንገኝ የሰሜኑንም የደቡቡንም ከዋክብት ከአንድ ግቢ እናያለን። ለንደን የሚኖር ሰው የደቡብ መስቀል የሚባሉትን የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ከዋክብት ለማየት ትኬት መቁረጥ አለበት። እኛ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ፍራሽ ግቢ አውጥተን ስለምንተኛ ወደ ላይ ማየቱን ለምደነዋል። የሚቀረው መሣሪያው ነው። ብር በከንቱ የሚሄደውም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ በባዶ ዓይን

ቴሌስኮፕ የሚያሳየው የሰማይን ጠባብ ቁራጭ ነው። የት እንደሚያነጣጥር ያላወቀ ሰው ባዶ ጨለማ ሲያይ ያመሻል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት በዓይናችሁ ብቻ ተለማመዱ። ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ቦታውን ድሬዳዋ ወይም ሐረር በሉት።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ማታ ማታ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከአናታችን በላይ ይወጣል። በአንድ መስመር የተደረደሩት ሦስት ከዋክብት ቀበቶው ናቸው። መስመሩን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትከተሉት ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ ደማቁን ሲሪየስን ታገኛላችሁ። ከእሱ በስተደቡብ ዝቅ ብሎ የሚያበራው ካኖፐስ ነው፤ በድምቀት ሁለተኛው።

በግንቦት የደቡብ መስቀል ተራ ይደርሳል። ከአድማስ ከፍ የሚለው 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሁለት ጭብጥ ብትደራርቡ ያን ያህል ይሆናል። ድሬ ላይ ደቡብ ማለት ወደ ደንገጎ የሚወስደው ተራራ ነው። ቤታችሁ እግሩ ሥር ከሆነ ይጋረድባችኋል፤ ሜዳው ላይ ዘመድ ፈልጉ።

ጨረቃን በሒጅራ ቁጠሩ

የኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ፀሐይን ስለሚከተል ጨረቃ የት እንደደረሰች አይነግራችሁም። የሒጅራው ይነግራችኋል። ድሬም ሆነ ሐረር ቀኑን የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም። ጨረቃን ራሷን ለማየት ከወሩ 5 እስከ 9 ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ያኔ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመታት ጉድጓዶቿና ተራሮቿ ረጅም ጥላ ጥለው ጎልተው ይወጣሉ። በ14 እና በ15 ሙሉ ናት። ታምራለች፤ ግን ጥላ ስለሌለ በቴሌስኮፕ ጠፍጣፋ ትመስላለች፤ ደብዛዛ ከዋክብትንም ትውጣለች። ከ20 በኋላ አመሻሹ ጨለማ ነው። ኔቡላ የሚባለውን በሰማይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና የምታድኑት ያን ጊዜ ነው።

ግዢው ላይ አትቸኩሉ

በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ቴሌስኮፑን ተዉትና ባይኖኩላር ግዙ። 10×50 የተጻፈበት 10 ጊዜ ያጎላል፤ የፊት ሌንሱ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ክርናችሁን ግንብ ላይ ካስደገፋችሁ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያሳያችኋል። ጋሊሌዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው እነዚሁ ናቸው። እኔ ብጠየቅ ርካሽ ቴሌስኮፕ ከመግዛት ደህና ባይኖኩላር ይሻላል እላለሁ።

የለም፣ ቴሌስኮፕ ነው የምንፈልገው ካላችሁ ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «525 ጊዜ ያጎላል» አትመኑ። አቦ፣ ያ ቁጥር ለመሸጥ ነው! የሚታየው ነገር የሚወሰነው በፊት ሌንሱ ወይም በመስተዋቱ ስፋት ነው። ሻል ያለ መሣሪያ የሚችለው ማጉላት ቢበዛ የሚሊ ሜትሩ እጥፍ ነው። 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ 140 ጊዜ። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም። ደግነቱ የሳተርን ቀለበት ለመታየት ከ30 እስከ 50 ጊዜ ይበቃዋል።

የማጉላቱ ሒሳብ ቀላል ነው። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት (ብርሃኑ ከፊት ሌንሱ ወይም ከመስተዋቱ ተነስቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) አይፒስ ለሚባለው የዓይን ሌንስ ቁጥር አካፍሉ። 700 ለ25 ሲካፈል 28 ጊዜ ነው፤ ለ10 ሲካፈል 70። የአይፒሱ ቁጥር ባነሰ መጠን ማጉላቱ ይጨምራል።

ከስፋቱ እኩል የሚያስጨንቀው እግሩ ነው። ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። ሩቅ ያለ አንቴና ላይ አነጣጥሩና ቱቦውን በጣት መታ አድርጉ። ምስሉ ሦስት ሰከንድ ቆይቶም ከተንቀጠቀጠ መልሱት። ኢኳቶሪያል የሚባለው ክብደት የተንጠለጠለበት መቆሚያም ለእኛ አይመችም። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መዞር አለበት፤ እሱ ደግሞ እኛ ጋ አድማስ ላይ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ዘንጉ እስኪጋደም ሲወርድ ክብደቱ ከእግሩ ጋር ይጋጫል።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር መቆሚያ ያለው 70 ሚሊ ሜትር ባለ ሌንስ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ ጣጣም የለውም። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለ መስተዋት ዶብሶኒያን ነው፤ በእግር ፈንታ ሣጥን መሰል መቀመጫ ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ማለት ነው። 130 ሚሊ ሜትሩ ከ70ው ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ቦታ ካላችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ከአይፒሱ ጋር የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ በካርቶኑ ውስጥ ካገኛችሁ ጣሉት። በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ፀሐይ በቴሌስኮፕ የምትታየው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከፊት በኩል ሲገጠም ብቻ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ እኛም ጋ ስለሚኖር ከወዲሁ ለልጆቹ ንገሩ።

የመጀመሪያዋ ማታ

ከትልቁ ቱቦ ጎን የተገጠመችውን ትንሿን ማነጣጠሪያ በቀን አስተካክሉ። የሚናሬ ጫፍ ወይም የኔትወርክ ማማ በትልቁ ቱቦ መሐል አስገቡና ትንሿ ማነጣጠሪያም እዚያው ላይ እስክታርፍ ብሎኖቿን አዙሩ። ይህን የዘለለ ሰው ማታ ጨረቃን እንኳ ማግኘት ያቅተዋል።

ቦታው ላይ አስቡበት። ድሬ ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሲመሽ ይተፉታል፤ በዚያ ላይ የሚያልፍ ምስል ይንቀጠቀጣል። ከጣሪያ ይልቅ የአፈር ግቢ ይሻላል። በጎረቤት ቆርቆሮ አናት ላይ ዝቅ ያለውን ሳይሆን ከፍ ያለውን ሰማይ እዩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አየሩ ይረጋጋል። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ይህ ችግር ይቀላል። ከከተማ ወጣ ካላችሁ ግን በቡድን ሁኑ፤ ጅቡም በዚያው ሰዓት ነው የሚወጣው።

ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ስልክ ከከፈታችሁ እንደገና ከዜሮ ነው። የባትሪውን አፍ በቀይ ፌስታል ሸፍኑት። የሰፈር መብራት ሲጠፋም አትማረሩ፤ ቴሌስኮፑን ይዛችሁ ውጡ።

ሁልጊዜ ቁጥሩ ትልቅ በሆነው አይፒስ ጀምሩ። ያነጣጠራችሁት ነገር መሐል ሲገባ ወደ ትንሹ ቀይሩ። ከጨረቃ ቀጥሎ ጁፒተርን፣ ከዚያ ሳተርንን ፈልጉ። በጥር ከኦሪዮን ቀበቶ ሥር ያለችውን ጭጋጋማ ነጥብ እዩ፤ ከዋክብት የሚወለዱባት ኔቡላ ናት። ቀለም አትጠብቁ። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለይም፤ ፎቶዎቹ ላይ ያለው ካሜራ ረጅም ጊዜ ሰብስቦት ነው።

ስትጨርሱ ክዳኑን ወዲያው መልሱ። የድሬ አቧራ ሌንስ ላይ ሲያርፍ በነጠላ ጫፍ መወልወል ያምራችኋል። አትንኩት፤ አሸዋው ይጭረዋል። በጎማ መንፊያ አቧራውን አባርሩ፤ የቀረው ትንሽ ብናኝ ምስሉን አይጎዳም። ባለ መስተዋቱ በመኪና ከተንገላታ መስተዋቱ ከመስመር ሊወጣ ይችላል። ኮከቡ አልጠራ ካለ ቱቦውን ከመክሰሳችሁ በፊት ከኋላ ያሉትን ሦስት ብሎኖች ፈትሹ።